ወደ ታች የሄደው ማመልከቻ

ቅዳሜ፣ 2/2

ለታላቅ ወንድሜ፣ ለቤታችን መብራት፣ ለሰው ሱቅ ግን እሳት፤

መሳቅ ይፈቀድልሃል። ዳኛው ራሳቸው «ቸልተኝነት እንጂ ተንኮል አይደለም» ብለዋል። ሽቦ አሳስተህ ማገናኘትህን ቤተሰቡ በሙሉ ይቅር ብሎሃል፤ የቀሩት የሱቁ ባለቤት ብቻ ናቸው።

እንዴት ሰነበትክ? እናታችን ከኋላዬ ቆማ «ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን በዪ» ትለኛለች። ብያለሁ። አሁን ጉልበቷን ልትታሽ ስለገባች እውነቱን ልንገርህ፤ ደህና አይደለችም። ለጎረቤት ሁሉ «ለሥልጠና ሄዷል» ብላ ስላወራች በየቀኑ አዲስ ነገር መፍጠር አለባት። ትናንት ባለሱቋ «ለመሆኑ ሥልጠናው ማደሪያ አለው?» ብላ ጠየቀቻት። «አለው፤ እንዲያውም ሳይፈቅዱለት አይወጣም» አለች። እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ሽንኩርት የምመርጥ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ደብዳቤህ በሰላም ደርሶ እንደሆነ ጠይቀሃል። ደርሷል። ሸሚዝህን ላጥብ ስል ኮሌታው ተንኮሻኮሸብኝ። ልብስ ሰፊው የእስር ቤት ጎረቤትህ ያስተማረህ ስፌት በጣም ደቃቅ ስለሆነ ለመተርተር ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ እጁ ይባረክ በልልኝ። እኔም የራሴን በሱሪህ ወገብ ውስጥ ሰፍቼ እልካለሁ። እሑድ እሑድ ንጹሑን ቦርሳ አስገብቼ ቆሻሻውን ስለምቀበል፣ አንተ የኔን በምትተረትርበት ሰዓት እኔ ያንተን እተረትራለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የምንመላለሰው ባለፈው ሳምንት ወሬ ነው። ከአጎታችን ጨዋታ ግን ይፈጥናል።

ሌላ ምን አማራጭ አለን? በሁለት የሽቦ አጥር መሀል ጠባቂ እየተንጎራደደ፣ ሠላሳ ቤተሰብ ባንድ ጊዜ እየጮኸ ምን ይወራል? ባለፈው እሑድ አጎታችን «ራስህን ጠብቅ!» ብለው ሲጮኹ አራት የማናውቃቸው ታራሚዎች «እሺ አባባ!» ብለው መለሱላቸው። ቤት እስክንገባ ድረስ ደረታቸውን ነፍተው ነው የሄዱት።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ስታናግረን ሦስት ጊዜ ወደኋላህ ዞርክ። ማንን ነበር የምታየው? ልብስ ሰፊውም አልመጣም። እናቱ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆማ ቆማ ተመለሰች።

ቁንጫህ

ቅዳሜ፣ 9/2

ለቁንጫ፤

ደብዳቤሽ አሳቀኝ። አንድ ሰው «ምን ያስቅሃል?» አለኝና አቆምኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ባለፈው ስለ እናታችን ጉልበት ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ማንንም አልነበረም የማየው። አንገቴን አሞኝ ነው።

ልብስ ሰፊው ክሊኒክ ነው። ከአልጋ ወድቆ ነው። እናቱን ካገኘሻት ደህና ነው በያት።

ስለ ክፍላችን ልንገርሽ። ስድሳ አራት ሰዎች ነን፤ አልጋው አርባ ነው፤ የቀረው ወለል ላይ ነው። ጠባቂዎቹ ማታ ቆጥረው ከዘጉብን በኋላ እስከ ጠዋት ክፍሉ የሊቀመንበሩ ነው። ሊቀመንበሩ የምንለው እንደኛው ታራሚ ነው፤ ነገር ግን አልጋ የሚደለድለው፣ ጠብ የሚፈርደው፣ ቅሬታ የሚሰማው እሱ ነው። ለጠባቂዎቹ ሥራ ስላቀለለላቸው ይወዱታል። ድምፁ ለስላሳ ነው። ሰው ሲያስፈራራ «ወንድሜ» ይላል።

በዚህ ሳምንት አዲስ ነገር ቢኖር መጠይቅ ነው። በአዳራሽ ሰብስበው አስሞሉን። «በተቋሙ ውስጥ ወሲባዊ ጥቃት ያሳስብዎታል? ለመከላከል ምን ቢደረግ ይላሉ?» ይላል። ሊቀመንበሩ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ «አያሳስበኝም» ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ሁሉም እንዲያየው ከፍ አደረገው። ትምህርት ቤት ስኮርጅ ስንት ጊዜ እንደተገረፍኩ ታውቂያለሽ፤ ኩረጃ ግዴታ የሆነበት ፈተና ግን የመጀመሪያዬ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት አናጢው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። «ወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰበት የራሱ ድክመት ነው፤ ጻፍና ተነስ» አሉኝ። ጻፍኩና ተነሳሁ።

ጠባቂዎቹም ሞልተዋል። አንዱ «የሌለ ነገር እንዴት ይከላከሉታል?» ሲል ሌላው «ወንጀሉን ሲሠሩ ይቺን አላሰቧትም?» አለና ተሳሳቁ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንደኛው ባለፈው ሳምንት ሲያስለኝ ሽሮፕ አምጥቶልኛል።

የልብስ ሰፊው ቦታ ባዶ ስለሆነ ለእኔ ተሰጥቶኛል። ጥጉ ላይ ያለው ታችኛው አልጋ። መብራቱ አይደርስበትም እንጂ ሰፊ ነው፣ ደህና ነው።

ለእናታችን፦ ወፍራም ሱሪ ላኪልኝ በያት። ቀበቶ ያለው ሳይሆን በገመድ የሚታሰር። ሁለት ይሁን።

ወንድምሽ

ዓርብ፣ 15/2

ይድረስ ለወንድሜ፤

ሰው ከላይኛው አልጋ ይወድቃል። ከታችኛው አልጋ የወደቀ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም፤ ከመሬት ያለው ርቀት አንድ ስንዝር ነው። ልብስ ሰፊው የሚተኛበት ታችኛው ነው ብለህ የነገርከኝ ራስህ ነህ፣ እዚያው ደብዳቤ ላይ፣ ዝቅ ብሎ። ውሸት ስትዋሽ ቢያንስ በሌላ ወረቀት ላይ ዋሽ።

በዚህ ሙቀት ሁለት ወፍራም ሱሪ፣ በገመድ የሚታሰር። እናታችን «ብርድ ይኖራል መሰለኝ» ብላ ገመዱን እጥፍ አድርጋ ሰፋችው። ከሰፋችው በኋላ ይበጠስ እንደሆነ ደጋግማ ጎትታ ሞከረችው። ዓሥራ ስድስት ዓመቴ ነው እንጂ ስድስት አይደለም። እሷም ሕፃን አይደለችም። ሁላችንም ገብቶናል፤ የሚናገር ጠፋ እንጂ።

እኔ ተናገርኩ። ሐሙስ አጎታችንን ይዤ ማረሚያ ቤቱ ቢሮ ሄድኩ። በትክክል ለመናገር እሳቸው ይዘውኝ ሄዱ፣ እኔ ገፋኋቸው። የቅሬታ ኃላፊዋ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴትዮ ናቸው፤ ሲናገሩ ያወልቁታል፣ ሲሰሙ ያደርጉታል፣ ዓይናቸውን እንዳላነብ ነው መሰለኝ። አጎታችን ስለ አየሩ ጀመሩ። ከዚያ በትምህርት ቤት ስላገለገሉባቸው ሠላሳ አንድ ዓመታት። ከዚያ «ወደ ቁም ነገሩ ስንመጣ» አሉና ተመልሰው ወደ አየሩ ሄዱ።

«የመጡበት ጉዳይ ምንድን ነው?» አሉ ሴትዮዋ።

«ያው… ልጃችን… ያ ነገር እንዳይደርስበት።»

«የትኛው ነገር?»

አጎታችን ሳላቸው መጣ። እኔ «ወንድሜ እንዳይደፈር ነው» አልኩ።

አጎታችን ኮርኒሱን ሊገዙት እንደመጡ ሰው ያጠኑት ጀመር። «የማን ልጅ ናት ይቺ?» አሉ ሴትዮዋ። «ከትልልቅ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ቃል!»

«ቃሉ እኮ በራችሁ ላይ ተለጥፏል፣ ‹የመጠይቅ ውጤት› የሚል ወረቀት ላይ።»

የፈረቃ አለቃው ከጥግ ተነሱ። «ውጤቱንስ አንብበሽዋል? ዘጠና ስምንት በመቶው አያሳስበኝም ብሏል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

«ሁለቱ በመቶ የት ነው የሚተኙት?» አልኩ።

ሴትዮዋ «በቃል የመጣ አይመዘገብም፤ በጽሑፍ አምጪ» አሉ። በጽሑፍ ማለታቸው ለኔ እንዴት ያለ ግብዣ እንደሆነ አላወቁም! እዚያው ኮሪደር ላይ አራት ገጽ ጻፍኩ። ስለ ጥጉ፣ ስለ ሌለው መብራት፣ ከስንዝር ከፍታ ስለሚያወድቅ አልጋ፣ «ወንድሜ» እያለ ስለሚያስፈራራ ሊቀመንበር። አጎታችን «ትንሽ ለስለስ አድርጊው» ሲሉኝ «ሊቀመንበሩ» የሚለውን «ክቡር ሊቀመንበር» አደረግኩት። መዝገብ ቤት ማኅተም መቱበት፣ ቁጥሩ 217።

ባለፈው እሑድ በሱሪህ በላክሁት ቁራጭ ወረቀት «ችግር ካለ እናመልክት ወይ?» ብዬህ ነበር፤ መልስህን መጠበቅ ነበረብኝ። አልጠበቅኩም። ሱሪዎቹ ከላይ ናቸው።

ቁንጫህ

ቅዳሜ፣ 16/2

ለቁንጫ፤

እናመልክት ወይ ላልሽው፦ እንዳትጽፊ። እንዳትጽፊ። አጎታችንም እንዳይጽፉ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ከዚህ በፊት ልነግርሽ አፍሬ ነው። ሌላ ቦታ ማመልከቻ ወደ ላይ ይሄዳል። እዚህ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ቢሮው «በክፍሉ ይጣራ» ብሎ ይመራዋል። በክፍሉ የሚያጣራው የታራሚዎች ኮሚቴ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን እንደሆነ ገምቺ። ከዚያ ከማታ ቆጠራ በኋላ ሁላችንም ተቀምጠን ማመልከቻው ከነስሙ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ግልጽነት ይሉታል። ስድብና ሐሜት ለመቀነስ ተብሎ የወጣ አሠራር ነው፤ ለተሰረቀ ሳሙና ጥሩ ይሠራል።

ልብስ ሰፊው አመልክቶ ነበር። አልጋ ቀይሩልኝ ብሎ፣ ምክንያቱንም ጽፎ። ያን ማታ ተነበበ። ሰዎች ሳቁ። ቁንጫ፣ እኔም ሳቅሁ። ላለመለየት ብዬ ነው እንዳልልሽ፣ ሳቁ ራሱ መጣ። እሱ ክር በመርፌ እያስገባ ነበር፤ ቀና ብሎ አላየም። ከአልጋ ወደቀ የተባለው በአራተኛው ቀን ነው።

እኔ እስካሁን ምንም አልሆንኩም። ሌሊት ቁጭ ብዬ አነጋለሁ፤ ቀን እንጨት ሥራ ክፍል ሄጄ ትንሽ አሸልባለሁ። አናጢው አይተው እንዳላዩ ያልፉኛል። መብራቱን ልጠግን ሞክሬ ነበር፤ አምፖሉን አስገባሁት፣ በማግስቱ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ «ወንድሜ፣ ሰው መተኛት ይፈልጋል» አለኝ።

ብቻ አትጻፊ። ሌላ ዘዴ እስክናገኝ እችላለሁ።

ወንድምሽ

ሰኞ፣ 18/2

ወንድሜ፤

ትናንት ማታ ኮሌታህን ተረተርኩት። ቀልድ ልጽፍልህ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም።

ጠዋት በሩ ሳይከፈት እዚያ ነበርኩ። እናታችንም መጣች፣ በዚያ ጉልበቷ። መዝገብ ቤት ያሉት ሰውዬ ጣታቸውን እያራሱ መዝገቡን ገለጡ።

«217… ወርዷል።»

«ወዴት?»

«ወደሚመለከተው ክፍል።»

«አባባ፣ ይመልሱልኝ። ተሳስቼ ነው የጻፍኩት።»

«ልጄ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይመለስም። አሠራር ነው። ደግሞ ምን አስፈራሽ? እዚያው ይጣራል።»

እናታችን መስኮቱን ያዘች። «የኔ ጌታ፣ እርስዎም ልጅ ይኖርዎታል» አለቻቸው። ሰውዬው ደነገጡ። እውነቴን ነው፤ ፊታቸው ተለወጠ። ግን ወረቀቱ እሳቸው ጋ የለም። ወደ ሴትዮዋ ሄድን፤ «የተከሰሰውም ሰው የመሰማት መብት አለው፣ እናንተ ብቻ ናችሁ እንዴ ሰው?» አሉን። የፈረቃ አለቃው ደግሞ «ወንድ ልጅ እኮ ነው፣ እናንተ ሴቶች ታበዙታላችሁ» አሉ። ዕለቱ የመጠየቂያ ቀን ስላልሆነ ሊያገናኙን አልቻሉም።

ይህ ደብዳቤ የሚደርስህ እሑድ ነው። እስከዚያ ይነበባል። እያወቅኩ እጽፋለሁ፤ ካልጻፍኩ እጄን የማደርግበት አጣሁ። አራቱም ገጽ በቃሌ አለ፤ እያንዳንዱን መስመር ባንተ ፊት እያነበቡት ይታየኛል። ከሁሉ በፊት እየሳቅኩ የጻፍኩትን።

ይቅር በለኝ አልልም። እንዴት ብዬ?

እህትህ

ቅዳሜ፣ 23/2

ለእህቴ፤

ጽሑፌ የተንጋደደው በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። ቀኙ ይድናል፣ ስብራት የለውም።

ማመልከቻውን ማስገባትሽን ያወቅኩት ባለፈው እሑድ ነው፣ ሱሪውን ስተረትር። ከዚያ ሰኞን ጠበቅሁ፣ ማክሰኞን ጠበቅሁ። ረቡዕ ተነበበ። ሊቀመንበሩ ራሱ አነበበው፤ ጥሩ ያነባል። «ክቡር ሊቀመንበር» የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመና እጅ ነሳ። ቀልድሽን ሁሉ ሳቁበት። ጽሑፍሽ እውነትም ጥሩ ነው ቁንጫ፤ በሌላ ቀን ቢሆን እኮራ ነበር። ሲጨርስ አጣጠፈውና «ወንድሜ፣ እህትህ ትጻፍ። እኛም እናነባለን» አለኝ። ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ «ሳቁን ቀንሱና ተኙ» አለ።

ስለ ሐሙስ አልጽፍልሽም። ሐሙስን ዝለዪው። አናጢው ተነስተው ባይጮኹ ኖሮ ከዚህ የከፋ የምዘለው ነገር ይኖር ነበር። የጮኹት «በቃ!» ብለው ነው፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ከማንም ጋር አላወሩም፣ ከኔም ጋር።

ዓርብ ሴትዮዋ አስጠሩኝ። መነጽራቸውን አውልቀው «እጅህ ምን ሆነ?» አሉኝ። «መጋዝ ነው» አልኩ። «ይኸው፣ እሱም መጋዝ ነው አለን» አሉኝ፤ ሊቀመንበሩን ቀድመው ጠይቀውት ነበር ማለት ነው። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ የቤተሰብህ ክስ ማስረጃ የለውም። ተጽፎ ከተነሳ አልጋህ ይቀየራል፣ ነገሩ ይበርዳል። ካልተነሳ ተጣርቶ እስኪያልቅ ባለህበት ትቆያለህ። ስንት ጊዜ ይፈጃል ብዬ ጠየቅኳቸው። «አሠራር ነው» አሉ። ባለህበት ማለት ጥጉ ነው።

እለምንሻለሁ። ውሸቴን ነው ብለሽ ጻፊ። ፈጥነሽ። ከእንግዲህ ስንት ቀን ቁጭ ብዬ ማንጋት እንደምችል አላውቅም፤ ትናንት ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ወንድምሽ

ማክሰኞ፣ 26/2

ወንድሜ፤

ጻፍኩ። ትናንት ጠዋት።

አጎታችን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወታቸው ወደ ቁም ነገሩ ባንድ አፍታ ደረሱ፤ «ውሸት ነው በዪና ልጁን አውጪው» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እያለቀሱ እንደሆነ ገባኝ፤ እኔም ወደ ወረቀቱ አየሁ። «ከላይ በተጠቀሰው ቁጥር ያቀረብኩት ማመልከቻ በልጅነት የፈጠርኩት፣ መሠረት የሌለው…» በጣም ባማረ እጅ ጽሑፍ።

ሴትዮዋ ወንበር ሰጡኝ። ባለፈው ቆሜ ነበር። «ፊልም አይተሽ ነው አይደል?» አሉኝ፣ እንደ እናት። ሰባት ዓይነት መልስ ነበረኝ። ዋጥኩና «አዎ» አልኩ። መዝገብ ቤት ያሉት ሰውዬ እዚያው «ተዘግቷል» ብለው ጻፉበት። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ይህን ያህል መፍጠን ይችላሉ ለካ።

ስወጣ የልብስ ሰፊውን እናት በሩ ላይ አገኘኋት። ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት አዛውረውት የት እንደሆነ የሚነግራት አጥታለች። ያኔ «ደህና ነው በያት» ባልከኝ ጊዜ ደህና ነው ብያት ነበር። አሁንም ያንኑ ይዛ ትዞራለች፤ «ደህና ነው ብለሽኛል አይደል የኔ ልጅ?» አለችኝ።

ሐሙስን ዝለዪው ብለኸኛል። ዘለልኩት። ግን ሳምንቱን በቆጠርኩ ቁጥር ከረቡዕ ቀጥሎ ይመጣል።

አሁን ተኛ። ምንም አትጻፍልኝ፣ ዝም ብለህ ተኛ።

እህትህ

ቅዳሜ፣ 7/3

ለቁንጫ፤

ተኛሁ። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ከአናጢው ቀጥሎ በሩ አጠገብ አልጋ ተሰጠኝ፤ መብራት ይደርሰዋል። ጫማዬን አውልቄ ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ ፊቴ እርጥብ ነበር። ባለፈው እሑድ ቦርሳው ያለ ደብዳቤ የመጣብሽ ስለተኛሁ ነው።

አሁን የምጽፍልሽን ለእናታችን አታንብቢላት።

ማክሰኞ አዲስ ሰው መጣ። ሹፌር ነው፣ ከኔ ትንሽ ይበልጣል። ጥጉ ተሰጠው። አንሶላውን እያነጠፈ «ቦታው እንዴት ነው ወንድም?» ብሎ ጠየቀኝ። ከስድሳ አራት ሰው መርጦ እኔን። «ደህና ነው፣ ሰፊ ነው» አልኩት። ያፌ ፍጥነት! ላንቺ የጻፍኩልሽን ቃል በቃል። እሱም አመነኝና «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ።

ያን ሌሊት በብርሃኑ ሥር ሆኜ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ረቡዕም። ልብስ ሰፊውን ከኔ በፊት በዚህ አልጋ ላይ ሆኖ ያየው ሰው ማን ነበር እያልኩ አስባለሁ። አንድ ሰው ነበረ። ተኝቶ ነበር።

ሐሙስ ከቆጠራ በኋላ ተነስቼ የሹፌሩን ፍራሽ ጎተትኩት። በግራ እጄ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሄደው፤ ክፍሉ በሙሉ እስኪያይ ድረስ። በኔና በአናጢው መሀል ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ሊቀመንበሩ «ኤሌክትሪሺያኑ፣ ሳታስፈቅድ መስመር ትቀጥላለህ?» አለ። ሰው ሳቀ፣ ግን እንደ ድሮው አልሳቀም። «አዎ» አልኩት። ሹፌሩ ምን እንደሆነ ሳይገባው ያየናል። ነገርኩት። አናጢው ጨርሼ እስክነግረው ጠብቀው «ያኔ ድክመት ነው ያልኩህን እርሳው» አሉኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ ከኔ ጋር ያወሩት ይህን ነው። አሁን ሁለቱ ሲተኙ አንዱ ይነቃል። ይህ ለስንት ቀን ያስኬዳል? ሹፌሩ ዓመት ከመንፈቅ ተፈርዶበታል። ሊቀመንበሩም ዝም ብሏል፤ ዝምታው ነው የሚያስፈራኝ።

ሱሪው ወገብ ውስጥ ሌላ ወረቀት አለ። ማመልከቻ ነው፣ በኔ ስም፣ በኔ ፊርማ። ልብስ ሰፊውንም፣ ሐሙስንም ጽፌዋለሁ፤ የዘለልኩት የለም። አንቺ አታንብቢው። መዝገብ ቤት እንዳትሰጪው፤ ወደ ታች ይወርዳል። ወደ ክፍሉ ሳይመራ በእጁ የሚይዘው አንድ ሰው ፈልጊ፣ ካለ። ጥጉ እንደሚመለስልኝ አውቃለሁ፤ አስቤበታለሁ።

የሹፌሩ ሚስት ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ጫማ ትጠግናለች። ነገ እሑድ አትመጣም፣ እዚህ መሆኑን አላወቀችም። ሂጂላት። ምን እንደምትያት አላውቅም።

ወንድምሽ

ረቡዕ፣ 11/3

ወንድሜ፤

ይህን የምጽፍልህ ከቢሮው ፊት ካለው አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው። ወረቀትህን አላነበብኩትም። እናታችን ግን አነበበችው፤ ከእጄ ነጥቃ። አንብባ ስትጨርስ ነጠላ ጫማዋን አደረገችና «ተነሺ» አለችኝ።

ሴትዮዋ ሊቀበሉን አልፈለጉም። «ባለፈው እውነት ነው አልሽ፣ ቀጥሎ ውሸቴን ነው ብለሽ ፈረምሽ፣ ዛሬ ደግሞ እውነት ነው። የትኛውን ልመን?» አሉኝ። ፊርማዬ ያለበትን ወረቀት አወጡና ጠረጴዛው ላይ አደረጉት። በጣም ያማረ ነው።

«የሷን ይተዉት» አለች እናታችን። «ይህ የልጄ ነው።»

«እንግዲያው ይስጡኝና ወደሚመለከተው እመራዋለሁ።»

«አልሰጥም። የማረሚያ ቤቱ የበላይ ሰው ይምጡና ከእጄ ይውሰዱት።»

የበላዩ ስብሰባ ላይ ናቸው። ስብሰባው ስለዚያ መጠይቅ ውጤት ነው አሉን፤ ጥሩ ውጤት ስለሆነ ረዘም ይላል። ትናንትም እንዲሁ አሉን። ትናንት ሲዘጉ ወጣን፣ ዛሬ ሲከፍቱ ገባን። አጎታችን በሩ ላይ ቆመው ለሚገባው ለሚወጣው ጠባቂ ሁሉ ይናገራሉ። አየሩንም ሠላሳ አንዱን ዓመትም ትተውታል። «የእህቴን ልጅ ሊደፍሩት ነው፣ አንተስ ምን ትላለህ?» ይላሉ። ብዙዎቹ ቀና ሳይሉ ያልፋሉ። አንዱ ወጣት ጠባቂ ግን ቆመና «እኔ የሌሊት ፈረቃ ነኝ አባባ» አላቸው፣ ሌላ ምንም ሳይል። ምን ማለቱ እንደሆነ ሦስታችንም አላወቅንም። ምናልባት እሱም አያውቅም።

ፈርቻለሁ። ባለፈው ስጽፍ አልፈራሁም ነበር፣ ያኔ ነበር መፍራት የነበረብኝ።

የሹፌሩ ሚስት ጋ ሰኞ ሄጃለሁ። የሴት ጫማ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተረከዝ እየመታች ነበር፤ ምስማሮቹን በከንፈሯ ይዛለች። ከማን እንደመጣሁ ስነግራት ምስማሮቹን አንድ በአንድ አውጥታ መዳፏ ላይ አደረገችና «ደህና ነው?» አለችኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ቀላል ነው፣ ሁለት ቃል ነው፤ ብያት ወደ ቤቴ እሄድ ነበር፣ እሷም ተረከዟን ትጨርስ ነበር።

ሁሉንም ነገርኳት። ከአልጋው ጀምሬ።

አላለቀሰችም። ጫማውን ለደንበኛዋ በአንድ ተረከዝ መለሰችላት፣ ሳጥኗን ቆለፈች። አሁን ከእናታችን አጠገብ ተቀምጣለች። ይኸው የበላዩ ሰው መኪና ወደ ግቢው ሲገባ አየነው። ተነስታ ልብሷን አራገፈችና «የሳቸው ቢሮ የትኛው በር ነው?» አለችኝ።

አሳየኋት።

እህትህ